ዳማ ዘበኛ አትሆንም፤ ቢሆንም ውሰጃት

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ትንሽ ግቢ ባለው የኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ፣ የ5 ዓመት ሴት ልጄና እናቴ አብረን ነን። አንድ የውሻ መጠለያ ሄጄ ዳማ የሚሏትን ውሻ አየሁ። ከመንገድ ነው ያነሷት፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናታል ይላሉ። ሁለቴ ሄድኩ፣ ሁለቴም ጅራቷን እየቆላች መጥታ እግሬ ሥር ተኛች። ክትባት ወስዳለች ተብያለሁ። ባለቤቴ ‹ዘበኛ የምትሆን ከሆነች ትምጣ› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹እኔ ጸሎት የማደርስበት ቤት ውሻ አይገባም› ትላለች። እኔ የምፈራው ለልጄ ነው። ልውሰዳት ወይስ ይቅርብኝ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ ውስጥ መጀመሪያ የያዘኝ የባለቤትሽ ቃል ነው። «ዘበኛ የምትሆን ከሆነች» ያለው። የልጅሽንም የእናትሽንም ነገር እመጣበታለሁ። ግን ከዚህ ካልጀመርን ሌላው ምክር ሁሉ ውሃ በወንፊት ነው።

ሁለት ቀን ብቻ ያየችሽ ውሻ እግርሽ ሥር ከተኛች፣ አጥር ዘሎ የገባ ሌባ እግር ሥርም መተኛቷ አይቀርም። ይኼን ለባለቤትሽ አሁኑኑ ንገሪው። ትጮኻለች፣ እሱን አትጠራጠሩ። በር ሲንኳኳ ትጮኻለች። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ሲመጡ ትጮኻለች። ሌሊት ከወንዝ ማዶ ጅብ ሲጮኽ ሰፈሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ግቢ ይኼ ይበቃል። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ በሥራዬ ተነክሼ አይቼዋለሁ። ዳማ ላይ ግን የሚሠራ ይመስለኛል።

ሥጋቴ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ወር ያልፋል። ባለቤትሽ «ይቺ እኮ ሰው ሁሉ ዘመዷ ነው» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «እሰሯት፣ ቀን ታስራ ማታ ስትፈታ ኃይለኛ ትሆናለች» ብሎ ይመክራል። ሰንሰለት ይገዛል። ተግባቢ ሆነው ከመጠለያ የወጡ ውሾች ሲበላሹ ያየሁት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ «ውሻችን ተለወጠብን፣ መጥተህ መርፌ ውጋልን» ብሎ ጠራኝ። መርፌ ያሉት የሚያሰናብተውን ነው። ቡችላ እያለ ልጆቹ አብረውት ሶፋ ላይ ይተኙ ነበር። አሁን ጓሮ፣ ከኮባው ሥር ታስሯል። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። ሣሩ ላይ በኮምፓስ የተሠመረ የሚመስል ክብ አለ። ከክቡ ውጭ ሣሩ ለምለም ነው። ውስጡ ግን እንደ ሲሚንቶ የደደረ አፈር፣ አንዲት ቅጠል የለበትም። እየዞረ እየዞረ የደለደለው እሱ ነው። የውሃ ሳህኑ ጠርዙ ላይ ተገልብጧል።

ዱካ አምጡልኝ አልኩና ከክቡ ውጭ ጀርባዬን ሰጥቼው ቁጭ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጮኸብኝ። ከዚያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሰንሰለቱ ሲወጠር ሰማሁ። ትኩስ ትንፋሽ ክርኔ ላይ ተሰማኝ። አሸተተኝ፣ አሸተተኝና ተመልሶ ተኛ። ቀስ ብዬ አንገቱን ሳየው ማሰሪያው ቆዳው ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን መግል ቋጥሯል። ቡችላ እያለ የታሰረለት ነው፣ ያላላለት ሰው አልነበረም።

ውሻ ሲፈራ የመጀመሪያ ምርጫው መራቅ ነው። ሰንሰለቱ ይኼን ምርጫ ይነጥቀዋል። የሚቀረው ጥርስ ብቻ ነው። የሚነክሰው ደግሞ ሌባውን አይደለም። ሌባ ክቡ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? ክቡ ውስጥ የሚገባው ኳሱ የተንከባለለበት ልጅ ነው። እነዚያ ሰዎች መርፌ የጠሩለት ምክንያትም ይኸው ነበር፣ ልጃቸውን ክንዱ ላይ ነክሶት ነው። የውሻው የአንገት ቁስል በሦስት ሳምንት ዳነ። ጠባዩ እስኪመለስ ግን ግማሽ ዓመት ፈጅቷል፣ ያውም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ኃይለኛ ይሆናል ብለው ሚጥሚጣ የሚያበሉም አጋጥመውኛል። ትርፉ ተቅማጥ ነው።

ስለዚህ ዳማን ከማምጣትሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር በአንድ ነገር ተስማሙ፦ አትታሰርም። እንግዳ ሲመጣ ለግማሽ ሰዓት ጥግ ላይ መያዝ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚፈልገው የምር ዘበኛ ከሆነ ደግሞ የበር መብራትና ደህና ቁልፍ ይሻለዋል፣ አይበሉም፣ አይታመሙም።

አሁን ወደ ዳማ እንሂድ። ሁለቴ ማየትሽ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሂጂ። ባለቤትሽንና ልጅሽን ይዘሽ። መጠለያ ውስጥ ያለች ውሻ ከብዙ ውሾች መሃል ሰው ስታይ ደስ መሰኘቷ አይገርምም፣ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው እሱን ነው። እኔም በዚህ ተታልዬ አውቃለሁ። አንዱን ውሻ አሥር ደቂቃ አይቼ «ከልጅ ጋር ይስማማል» ብዬ ለቤተሰብ ሰጠሁ፣ በአራተኛው ቀን ልጁ ምግቡ ላይ ሲደርስበት አጉረምርሞ መለሱት። ምግብ ሲበላ አላየሁትም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚህ ስትበላ እያት። ሳህኗ ሲቀርብላት ሰው አጠገቧ ቢያልፍ ሰውነቷ ድርቅ ይላል? አንገቷን ሳህኑ ላይ ደፍታ በዓይኗ ጠርዝ ታያለች? የዓይኗ ነጭ እንደ ጨረቃ ብቅ ይላል? እንዲህ ከሆነ ምግቧ ላይ ትሰጋለች ማለት ነው። የመንገድ ውሻ ናትና አይፈረድባትም፣ ሊታረምም ይችላል፣ የ5 ዓመት ልጅ ላለበት ቤት ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። ምንም ሳይመስላት መብላቷን ከቀጠለች እሰየው።

ከዚያ ከሌሎቹ ውሾች ለይተው በገመድ ያውጡልሽ። ጆሮዋን ንኪ፣ መዳፏን ያዢ። እጅሽን ስትሰበስቢ ምን እንደምታደርግ ተመልከቺ። ተጠግታ «ጨምሪልኝ» የምትል ከሆነ ወዳዋለች። ከንፈሯን ደጋግማ የምትልስ፣ የምታዛጋ፣ ፊቷን የምታዞር ከሆነ ግን እየታገሠችሽ ነው። ጅራት መቁላት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ላላ ብሎ በሰፊው ከዳሌ ጋር የሚወዛወዝ ጅራት ደስታ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ሌላ ወሬ ነው የሚያወራው።

አንድ የኔ ሙከራ ልንገርሽ። ቁልፍሽን መሬት ላይ ጣይና ለማንሳት ጎንበስ በይ። አገራችን ውስጥ መንገድ ላይ ያደገ ውሻ ሁሉ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ የሚያነሳ ይመስለዋል። ደንግጣ ሁለት እርምጃ ሸሽታ ከተመለሰች ችግር የለም። ጥግ ገብታ ለደቂቃዎች ካልወጣች ግን ብዙ ተወግራለች ማለት ነው፣ ትዕግሥት ትፈልጋለች። ባለቤትሽም ይሞክረው። ብዙዎቹ ሴት አምነው ወንድ ይፈራሉ። ዱላ የሚይዘው ማን እንደነበር እነሱ ያውቃሉ።

«ክትባት ወስዳለች» መባሉ አይበቃም። ካርዱን በእጅሽ ያዢና አንብቢ። የክትባቱ ዓይነት፣ ቀኑ፣ የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ለእብድ ውሻ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ እንደተጠበቀ የሚቆጠረው ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ነው። ትናንት የተወጋች ከሆነ ገና ናት። በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ።

ሌላም ጠይቂ፦ መጠለያው ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ቆየች? የእብድ ውሻ በሽታ ከተነከሰች በኋላ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሦስት ወር ውስጥ ይወጣል። ከሦስት ወር በላይ በሰላም ተቀምጣ ከሆነ ልቤ ይረጋል፣ ስድስት ወር ከሞላት የበለጠ ይረጋል። ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ከሆነ አትውሰጃት አልልም፣ ትንሽ ቆይተሽ ውሰጃት ግን እላለሁ።

ይኼን የማበዛው ላስፈራራሽ አይደለም። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፣ ወደ ሰው የሚመጣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ በኩል ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት አሥር ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ እንደዚህ በቀላሉ የሚከለከል በሽታ ጥቂት ነው። አንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። መርዝ በየሰፈሩ መጣል ይኼን አያደርግም፣ የተከተቡትንም ያልተከተቡትንም ይገድልና ባዶውን ቦታ ያልተከተበ ይሞላዋል። ጣጣው ለእኛ ብቻም አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከእረኛ ውሾች በተጋባበት በዚሁ በሽታ ደጋግሞ በብዛት ሞቷል፣ ዛሬ በአገሪቱ በሙሉ የቀሩት ከ500 አይበልጡም። ዳማን በየጊዜው ስታስከትቢ ሰፈርሽን እየጠበቅሽ ነው።

እግዚአብሔር አያድርገውና ማንም ውሻ፣ የራስሽም ቢሆን፣ ልጅሽን ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ። በሰዓት ያዢ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቢው በላይ ረጅም ነው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰጃት። እናትሽ ጸበል ካሉ ጸበሉም ይሁን፣ ክትባቱ ግን አይዘለል። ሆድ ላይ የሚወጋው የድሮው ረጅም ክትባት እያስፈራቸው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ዛሬ የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፣ አራት ወይም አምስት መርፌ፣ በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል። ውሻውን ደግሞ አትግደሉት። 10 ቀን ይዛችሁ ጠብቁት። በምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ደረጃ ላይ ከነበረ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነ በዚያ ንክሻ አላስተላለፈም። ተገድሎ ከተጣለ ይኼን የምናውቅበት መንገድ አይኖርም።

ሌላው ምርመራ ባጭሩ። ከመንገድ በመጡ ሴት ውሾች ላይ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ አለ፣ ከጅራት ሥር ደም ጠብ ጠብ ሲል ይታያል። በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ በደንብ ይድናል፣ ስለዚህ አትደንግጪ፣ ግን ቀድመሽ እወቂ። ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ መኖር አለመኖሩን ይዩልሽ። የትል መድኃኒት ስትመጣ ትውሰድ፣ በሁለት ሳምንት ይደገም፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ። ዓይነ ምድሯን በየቀኑ አንሺ። የወስፋቱ እንቁላል መሬት ላይ ሳምንታት ካልቆየ ሰው አይዝም፣ በየቀኑ ከተነሳ ልጅሽ አፈር ብትጫወት ሥጋቱ በጣም ይቀንሳል። ማምከኑን ካልሠሩላት ቀጠሮ አስይዢ። አለበለዚያ በዓመት ሁለቴ የሰፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ በራችሁ ላይ ያድራል፣ ከ63 ቀን በኋላ ደግሞ ስድስት ሰባት ቡችላ ይዘሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እሳቸውን ለማሸነፍ አትነሺ። ቤታቸው ነው፣ ጸሎታቸው ነው። ዳማ ደግሞ ቤት ውስጥ ካልተኛሁ የምትል ውሻ አይደለችም፣ መንገድ ላይ ነው ያደገችው። ግቢ ውስጥ ደህና ቤት ይሠራላት፣ ከእናትሽ ደጃፍ ወዲያ አትለፍ፣ አለቀ። ውሻ ደንበር በሳምንት ይማራል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ካደረገ። አንዱ እየከለከለ አንዱ በድብቅ ካስገባት ግን አትማርም። በነገራችን ላይ መጽሐፈ ጦቢት ላይ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሯቸው ነው የሄደው። እናትሽ ጳጉሜን 3ን የሚያከብሩ ከሆነ እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። ለክርክር ሳይሆን ለቡና ጨዋታ አንሺላቸው።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ዳማ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ታላዝናለች። ውሻ ሲያላዝን ክፉ ነገር ይመጣል ተብሎ ያደገ ሰው በሁለተኛው ሌሊት «መልሷት» ይላል። የለመደችው የብዙ ውሾች ድምፅ ድንገት ሲጠፋ ትጣራለች፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አምስት ሌሊት አያልፍም።

የምትሠሩላት ቤት ትልቅ መሆን የለበትም። ቆማ መዞር ከቻለች ይበቃል፣ ሲሰፋ ሙቀት አይዝም። ወለሉን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ከሥር ይለፍ። በሩ ንፋስ ከሚመጣበት ይዙር። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቀላል አይደለም። አጥሩንም ዙሪያውን ተመልከቱ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚባለውን እዚህ ላይ እንደ ተረት አትውሰጂው፣ ከተማው ዳር ዳሩን ጅብ አለ።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የምንስተው እዚህ ነው። የተረፈ ወጥ አትስጧት። ወጣችን ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል። ዳማ 15 ኪሎ ብትመዝን ከ225 ግራም ይጀምራል፣ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ድስት ስንት ሽንኩርት እንደሚበላ ለአንቺ አልነግርሽም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽም ይጠራቀማል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ ይቅር፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ሳምባ፣ ጨጓራ፣ አንጀት ገዝተሽ ከሩዝ ወይም ከቂንጬ ጋር መቀቀል ጥሩ ነው፣ ግን ሁልጊዜ በደንብ ቀቅይ። ሥጋ ቤቶች ሳምባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲያገኙ ቆርጠው ለውሻ ይወረውራሉ። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ሰው ሲውጠው ያው ከረጢት የሰው ጉበት ላይ ይበቅላል። ጥሬ የሆድ ዕቃ የማትበላ ውሻ ይኼን ቤትሽ አታመጣም። የምትወስደው የትል መድኃኒትም ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። 55 ቀን። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ከሽሮና ከምስር በቀር ነገር የለም። ውሻ አይጾምም። በሁዳዴ መጨረሻ የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር ውሾች ይመጡልኛል፣ ባለቤቶቻቸው ጨካኞች ሆነው ሳይሆን ሳያስቡት። ከቅበላው በፊት የደረቅ የውሻ ምግብ ገዝተሽ አስቀምጪ፣ ወይም እንቁላል ቀቅይላት፣ የትኛውም ቢሆን ከእናትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ድስቷ ይለይ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁሉም ሰው ጮማ ይወረውርላታል፣ ማግስቱን ስታስመልስ ትውላለች። ለፋሲካ ሳምንት ክሊኒካችን ወረፋ ነው።

ልጅሽ። የ5 ዓመት ልጅ ፊት ከውሻ አፍ ጋር እኩል ነው፣ ለዚህ ነው ልጆች ብዙ ጊዜ ፊታቸውን የሚነከሱት። ደግሞ ልጅ መውደዱን የሚገልጸው አንገት በማቀፍ ነው፣ ለውሻ አንገት መታቀፍ መያዝ ነው። ዳማ የዋህ ብትሆንም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱን ለብቻቸው አትተያቸው። ውሃ ለመቅዳትም ቢሆን። ለልጅሽ ሦስት ነገር ብቻ አስተምሪ፦ ስትበላ አትጠጊያት፣ ስትተኛ አትንኪያት፣ ስትፈልጊያት ጥሪያት እንጂ አትሂጂባት። ከመጣች ታዳብሳት፣ ደረቷንና ጎኗን። ካልመጣች ይቅር። ዳማ ካጉረመረመች ደግሞ አትቆጧት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በማጉረምረሟ የተመታች ውሻ በሚቀጥለው ሳታጉረመርም ትነክሳለች።

አከራያችሁ መፍቀድ አለመፍቀዳቸውን አልጻፍሽልኝም። በቃል ሳይሆን በደንብ ጠይቂያቸው። ቀጣዩ ቤትስ ውሻ ባይቀበል ብለሽም አስቢ። «ቤት ልንለቅ ነው፣ ውሻ የሚወስድልን ሰው አለ?» የሚል ስልክ በወር ስንቴ እንደሚደርሰኝ ብታውቂ። መጠለያውንም ጠይቂ፦ ካልተስማማች በአንድ ወር ውስጥ መልሰው ይቀበላሉ? ደህና መጠለያ እሺ ይላል፣ እንዲያውም ቤታችሁን መጥቶ ካላየሁ ይላል። ቅር አይበልሽ።

ከመጣች በኋላ መጠለያ የሚሠሩ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚሉት ልማድ አለ። ሦስት ቀን ግራ ይገባታል፣ ምናልባት አትበላም። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሰዓት ትለምዳለች። ቤቴ ነው የምትለው በሦስት ወሯ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎረቤትና ዘመድ «እስቲ እንያት» ብሎ ይመጣል፣ አታስገቢ። ገላዋን አታጥቢ። ምግቧን መጠለያው ከሚሰጣት ጀምረሽ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ ቀይሪ። ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለገና ዋዜማ አታምጪያት፣ ርችት በተተኮሰበት ሌሊት ውሻ አጥር ዘሎ ይጠፋል፣ አዲስ ቤት የመጣች ደግሞ የምትመለስበትን አታውቅም። ተራ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ሁላችሁም ቤት ስትኖሩ።

እንግዲህ ልውሰዳት ወይ ብለሻል። ባለቤትሽ አላስራትም ካለ፣ ሳህኗ ላይ ካላጉረመረመች፣ ካርዷ ካርድ ከሆነ፣ ውሰጃት። ተግባቢ የሆነች የጎለመሰች ውሻ ልጅ ላለበት ቤት ከቡችላ ትሻላለች። ቡችላ ምን እንደሚወጣው አይታወቅም፣ ጫማና እጅ ይነክሳል፣ ሌሊት ያስነሳል። ዳማ ጠባይዋ ወጥቶ አልቋል፣ የምታዪው ነው።

ለሦስተኛው ጉብኝት ስትሄጂ አሮጌ ጋቢ ወይም የልጅሽን ያረጀ ሹራብ ይዘሽ ሂጂ። የምትተኛበት ላይ እንዲያነጥፉላት ስጫቸው። ቅዳሜ ስትወስጃት አብሮ ይምጣና አዲሱ ቤቷ ውስጥ አንጥፊላት። ይሸታል። እናትሽ እንዳያጥቡት ደብቂው።